ስለ ቅቤ ኬኩና ስለ አርባው ሰከንድ፣ ለሞርዲክ ሥራና ሠራተኛ ቢሮ

ፌብሩዋሪ 19

ለክቡር ዶክተር ክላሰን
የሞርዲክ ሥራና ሠራተኛ ቢሮ ኃላፊ
ሞርዲክ

ጉዳዩ፦ በገዛ ፈቃዴ ስለለቀቅኩት ሥራና በገዛ ፈቃዳችሁ ስለከለከላችሁኝ የሥራ አጥ አበል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ነው? አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውቶቡስ የነዳሁ ሰው ስለሆንኩ ብዙ መቀመጥ ወገብን ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ፤ የእርስዎ ነገር ከልብ ያሳስበኛል። እኔ፣ ባለቤቴ ጌዛና የአሥራ አንድ ዓመት ልጃችን ቪብከ ደህና ነን። ደህና ነን የምልዎት እንዳይጨነቁ ብዬ ነው። የአሥራ ሁለት ሳምንት የአበል እገዳችሁ ከደረሰኝ ወዲህ የቤቱን ጭንቀት እኔ ብቻዬን ይዤዋለሁ። እኔ ደግሞ ስጨነቅ ዝርዝር እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት የወጥ ቤቱን መሳቢያዎች ዝርዝር ማቀዝቀዣው ላይ ስለጥፍ ጌዛ አየችኝና፣ «ሃዮ፣ በማርያም፣ ሹካ መቁጠሩን ተውና ለሰውየው ጻፍለት» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩ። በጋዜጣ ያወጣሁትም በፖስታ የላክኋቸው ሁለቱ ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ነው፤ ምናልባት ከምሳ በኋላ ጋዜጣ ያዩ ይሆናል ብዬ።

አቤቱታዬን በቁጥር አስቀምጬዋለሁ፤ የእናንተ ፎርም ለ«ምክንያት» የሰጠኝ ሁለት መስመር ስለነበር እዚህ ትንሽ ሰፋ ብልብዎት ይቅር ይበሉኝ።

1ኛ. ስለ አርባው ሰከንድ። የነዳሁት የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ፣ መስመር ሰባትን ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ የወፍጮው መንገድ ፌርማታ ስድስት ልጆች ይወርዳሉ፤ አንዷ የእኔዋ ቪብከ ናት። ቤታቸው ከመንገዱ ማዶ ነው። እዚያ መብራት የለም፣ የመሻገሪያ ቀለም የለም፤ ያለው ኩርባ ነው፣ ከኩርባው ጀርባ ደግሞ የወተት ቦቴ ይመጣል። ስለዚህ እኔ በሩን ከዘጋሁ በኋላ አራቱንም ፍሬቻ አብርቼ፣ መኪናው ሁሉ ቀስ እንዲል አድርጌ፣ የመጨረሻው ልጅ እስኪሻገር እቆም ነበር። አርባ ሰከንድ ነው። የት እንደሚሄድ ከፈለጉ፦ አሥራ ሁለት ሰከንድ፣ የሰባት ዓመቷ ኔለ ከእሷ የሚበልጠውን ቦርሳ ጀርባዋ ላይ እስክትሰቅል። አሥር ሰከንድ፣ የጣለችውን ጓንት ልታነሳ እስክትመለስ። አሥራ ስምንት ሰከንድ፣ ስድስቱም ተያይዘው እስኪሻገሩ። በበጋ ጓንት ስለሌለ ሠላሳ ይበቃል።

በጃንዋሪ ድርጅታችን በየአውቶቡሱ ቆመን የዋልንባትን እያንዳንዷን ሰከንድ የሚቆጥር ሳጥን ገጠመ። የእኔን አርባ ሰከንድ ሳጥኑ «ያለ ምክንያት መቆም» ብሎ ጠራት። ሦስት ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ከሦስተኛው በኋላ የድርጅቱ ባለቤት አቶ ኦስተርካምፕ ቢሮው ጠርቶኝ፣ በሩ ከተዘጋ ከሦስት ሰከንድ በላይ እንደማልቆም የሚል ወረቀት ፊቴ አስቀመጠና፣ «ሃዮ፣ አንተ ሹፌር ነህ እንጂ ሞግዚት አይደለህም፤ ፈርምና ሻይህን ጠጣ» አለኝ። ሻዩን ጠጣሁ። አልፈረምኩም። በማግሥቱ መልቀቂያ አስገባሁ።

2ኛ. ስለ ጨዋነቴ። መልቀቂያዬ ላይ «በግል ምክንያት» ብዬ ጻፍኩ፤ ስለ አሥራ ዘጠኙ ዓመትም አመሰገንኩ። የእናንተ ውሳኔ ታዲያ ይህንኑ ጠቅሶ፣ ምክንያቴ የግል መሆኑን በራሴ እጅ ያመንኩ፣ ለአሠሪዬም ምስጋና ያቀረብኩ ሰው ስለሆንኩ የለቀቅኩት ያለ በቂ ምክንያት ነው ይላል። ክቡርነትዎ የሚኖሩት እዚሁ ሞርዲክ ነው። አሠሪውን በደብዳቤ የሰደበ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ከዚያው አሠሪ ጀርባ እንደሚቆም ያውቃሉ። ስድብ ማስረጃ መሆኑን ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ግን ዳቦውንም ትቼ በደንብ እጽፍ ነበር። ጌዛም ታግዘኝ ነበር፤ በዚህ በዚህ ከእኔ ትሻላለች።

3ኛ. ስለ ኬኩ። ይህን አጭር አደርገዋለሁ ብዬ ነበር፤ አልሆነም። የመጨረሻ ቀኔ ላይ ሁለት ትሪ የቅቤ ኬክ ይዤ ገባሁ። ሥራ ሲለቅ ኬክ ሳያቀርብ የወጣ ሰው በእኛ አገር ልጁ እስክትዳር ድረስ ስሙ እንደሚነሳ ለእርስዎ አልነግርም። አንዱ ጓደኛችን ፎቶ አነሳን፤ እኔ ትሪ ይዤ ፈገግ ብያለሁ። ካሜራ ሲያዩ ፈገግ ማለት ከልጅነቴ የተጣባኝ አመል ነው። ያ ፎቶ አቶ ኦስተርካምፕ ለእናንተ ከሞላው ቅጽ ጋር ተያይዞ መጣ። ጉዳዬን የያዙት ወይዘሮ ፎስኩል ፎቶውን ወደ እኔ ዞር አድርገው፣ «አቶ አይለርስ፣ እንግዲህ ይኸው ይታያል፤ ተገፍቶ የወጣ ሰው ኬክ አይጋግርም» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ የቅቤ ኬክ እዚህ ከተማ ለሠርግ ይበላል፣ ለቀብርም ይበላል፤ ያውም በዚያው ቅቤ፣ በዚያው ትሪ። የእኔው ለየትኛው እንደነበር ከፎቶ ለይታችሁ ማወቃችሁን አደንቃለሁ። የጋራዡ ዴትሌፍ ይህን ሲሰማ፣ «አንተ ሰው፣ ቅቤውን ቀንሰህ ብታደርቀው ኖሮ እኮ አበልህ ተለቆልህ ነበር!» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን ሳቁ አልቀጠለም፤ ቪብከ የእገዳውን ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ አግኝታ አንብባው ነበር። «አባ፣ ሥራህን የለቀቅከው በእኔ ምክንያት ነው?» አለችኝ። «ያንቺ ድርሻ ከአርባው ሰባት ሰከንድ አይሞላም» አልኳት። አላሳቃትም።

4ኛ. ስለ አንዲት ጥያቄ። ይህች ቁጥር ከሌሎቹ ታንሳለች፤ እኔን ያቃጠለችኝ ግን እሷ ናት። ወይዘሮ ፎስኩል የማመልከቻዬን «አደጋ» የሚለውን ቃል በእስክሪብቶ ከበቡና፣ «እስካሁን እዚያ ፌርማታ ላይ የተገጨ ልጅ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። «የለም» አልኩ። «የለም» ብለው ጻፉ። ፋይሌም በዚያው ተዘጋ። እኔ እንግዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሠራሁት ለዚህች «የለም» ነው። አሁን እሷው መጥታ መሰከረችብኝ። አንድ ልጅ ቢገጭልኝ ኖሮ ምክንያቴ በቂ ይሆን ነበር ማለት ነው። ይህን ካሰብኩት ጀምሮ እንደ ድሮው ዝርዝር መጻፍ እንኳ አላረጋጋኝም።

5ኛ. ስለ አዲሱ ሥራዬ። ባለፈው ሰኞ ደግሞ ከቢሮዎ ሌላ ፖስታ ደረሰኝ፤ እኔና ጌዛ ቆመን ከፈትነው። «ለእርስዎ ተስማሚ ሥራ አግኝተናል» ይላል። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር፣ የአቶ ኦስተርካምፕ ድርጅት፣ መስመር ሰባት። የኔው ወንበር ነው፤ የተቀመጥኩበት ጎድጓዳ እንኳ ገና አልሞላም። የሥራው ግዴታ ከሚለው ሥር ያችው ሦስት ሰከንድ ተጽፋለች። እስከ ዓርብ ካልተቀበልኩ ተስማሚ ሥራ እምቢ ያልኩ ሰው ስለምሆን ሌላ እገዳ ይጨመርልኛል። ጌዛ ሁለት ጊዜ አነበበችውና፣ «እነዚህ ሰዎች ቀልደኞች ናቸው እንዴ?» አለች። አይደሉም፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው አልኳት።

እንግዲህ ክቡርነትዎን ዓርብ ድረስ ላለማስጠበቅ መልሴን እዚሁ እሰጣለሁ። ሥራውን እቀበላለሁ። ሥራውንማ መቼ ጠላሁት? ወረቀቱን ግን አልፈርምም፤ የእኔ ፊርማ እንደሆነ ዋጋ እንደሌለው ከመልቀቂያዬ ላይ አይታችኋል። ስለዚህ ከእኔ የተሻለ ፊርማ ላለው ሰው አንድ አጭር ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። ከዚህ በታች ነው፤ ቆርጠው ለመፈረም እንዲመችዎት ዙሪያውን ባዶ ትቼዋለሁ።

«እኔ ዶክተር ክላሰን፣ ሹፌር ሃዮ አይለርስ በወፍጮው መንገድ ፌርማታ ልጆቹ እስኪሻገሩ እንዳይጠብቅ አዝዣለሁ።
ፊርማ ........................»

ይህ ተፈርሞ በደረሰኝ ማግሥት ሥራ ገብቼ ስድስቱን ልጆች ሰብስቤ አነብላቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ሰከንድ እነዳለሁ። ካልፈረሙት ግን እርስዎም እንደ እኔ ለመፈረም እምቢ ያሉ ሰው ነዎትና፣ የእኔን ምክንያት «በቂ» ብለው እገዳውን እንዲያነሱልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ሦስተኛ መንገድ ፈልጌ አላገኘሁም፤ ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ሁለቱ መስመር ፎርም፣ እንዲሁም የራሴን ወንበር መልሳችሁ ስላገኛችሁልኝ ያለኝን ምስጋና፣ ኬክ አልባ በሆነ አክብሮት፣ በካሜራ ፊት ቢሆን እንኳ ፈገግ ሳልል አቀርባለሁ።

ሃዮ አይለርስ
በገዛ ፈቃዱ ሥራ አጥ፣ በእናንተ ፈቃድ አበል አጥ
የቪብከ አባት

ግልባጭ
— ለአቶ ኦስተርካምፕ፣ ለመረጃ ያህል
— ለወይዘሮ ፎስኩል፣ ከፎቶው ጋር አብሮ ፋይል እንዲደረግ
— ለጋራዡ ዴትሌፍ፣ ሁለተኛውን የኬክ ትሪዬን እንዲመልስ

ማስታወሻ፦ በአበል ላይ ያለ ሰው ያለ ክፍያ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ የማሳወቅ ግዴታ አለበት ስላላችሁ አሳውቃለሁ። ከለቀቅኩበት ጊዜ ጀምሮ አዲሱ ሹፌር በሦስተኛው ሰከንድ ስለሚነዳ፣ እኔ በየቀኑ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ የድሮዋን ቢጫ ሰደርያዬን ለብሼ ወፍጮው መንገድ ላይ እጄን ዘርግቼ እቆማለሁ። በቀን አርባ ሰከንድ፣ በሳምንት ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ይሆናል። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ግራጫ መኪና ለምሳ ወደ ቤቱ ሲከንፍ ኩርባው ላይ ደረሰና እጄን አይቶ ቆመ፤ ኔለ ጓንቷን እስክታነሳ ድረስም ጥሩንባ ሳይነፋ ጠበቀ። ውስጡ የነበሩት እርስዎ ነበሩ፤ በእጅዎም ሰላም አሉኝ። ከልብ አመሰግናለሁ። ለወይዘሮ ፎስኩል ግን አይንገሩብኝ፤ ያለ በቂ ምክንያት ቆመዋል።