የከበቡሽ ጥርስና የማይቸኩለው ካሜራዎ

ለተከበሩ የዝነኛው የካሜራ ፋብሪካ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎ፣ ከነባለአክሲዮኖችዎና ከነሙሉ ጥርስዎ ጤና ይስጥልኝ። እኔ አሜሪካ አገር አውሮራ ከተማ ሠርግና ክርስትና በማንሳት የምተዳደር፣ ሃያ ሁለት ዓመት ከእርስዎ ካሜራ ሌላ አንገቴ ላይ ያላንጠለጠልኩ አስቻለው ነኝ። የሙያ ጓደኞቼ ሁሉ ፊት ራሱ ፈልጎ የሚያጠራ ዘመናዊ ካሜራ ሲይዙ፣ እኔ ግን «ታላቅ ዓይን አይቸኩልም» የሚለውን ማስታወቂያዎን እንደ ዳዊት ስደግም ኖሬአለሁ።

አንደኛ፦ ከሁለት ወር በፊት ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ሃቫና ስትሪት በርበሬና ሽሮ የምትሸጠው ጎረቤቴን ከበቡሽን፣ «በሬ ላይ ፓርክ አታድርግ» ስላለችው አንድ ደንዳና ሰው በቡጢ ሲነርታት ደረስኩ። ለምስክርነት ይሆናል ብዬ ፊቱን ላነሳ የካሜራዎን ማጥሪያ ቀለበት በጥንቃቄ አዞርኩ። በእኛም አገር «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ ያልቸኮልኩት እኔ፣ ጥርሷን ከአስፋልት የለቀመችው ከበቡሽ። ለትምህርትዎ እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፦ ካሜራዎ ከነሐስ መሠራቱን ሁሌም ይነግሩናል፤ እውነት ነው። አንዴ ፎቶ ካነሳሁት በኋላ ሰውየው ወደ እኔ ሲዞር፣ በማንጠልጠያው አሽከርክሬ አፍንጫው ላይ አሳረፍኩበት። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማኝ፤ ደሙ ሌንሱን አለበሰው። ዕቃዎ እንዲህ ፈጥኖ የሠራበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሦስተኛ፦ ከምቱ ወዲያ አልከፈት ያለውን ካሜራ ፊልሙን እንድታወጡልኝ ብልክላችሁ፣ የጥገና ክፍልዎ ደም የነካው ዕቃ ስለሆነ እናስወግደዋለን ብሎ ጻፈልኝ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ ሆን ተብሎ የተፋፋቀ፣ ጦርነት የዋለ የሚመስል ልዩ ካሜራ እንድገዛ ጋበዛችሁኝ። ምነው ሸዋ! ያ ሰው መጀመሪያ የመታኝ አስቻለው ነው ብሎ ከሶኛል፤ ከበቡሽም የአስቻለው ጎረቤት ናት ተብላ አልታመነችም፤ ማን እንደ ጀመረ የሚያሳይልኝ ያ ፊልም ብቻ ነው። ችሎቱ ማክሰኞ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ያንን የተፋፋቀ ካሜራዎን እውነተኛ ጦርነት ባሳየው ደስታዬ ነበር፤ ጨዋ አሳድጎኝ ነውና ፊልሜን እንዲልኩልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የክቡርነትዎ ታማኝ ደንበኛና የአፍንጫ ሰባሪ ዕቃዎ አመስጋኝ፣
አስቻለው ግዛው

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው ማክሰኞ ደረሰ። ለካ ያን ዕለት እዚያው ቆሞ በነበረው በባለታክሲው በሰላሃዲን መኪና መስታወት ላይ የተለጠፈች፣ ስሟ እንኳ የማይታወቅ ካሜራ ሁሉንም ቀድታው ኖራለች። ማን እንደ ጀመረ ታየ፤ እኔም ነፃ ወጣሁ። ነገር ግን ከበቡሽ ስትደበደብ ዐሥራ አንድ ሰከንድ ሙሉ ቆሜ ቀለበት ሳዞር እታያለሁ። አራት ቡጢ ቆጠርኩ። እሷም ችሎቱ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አየችው፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን አትመልስም። ስለዚህ ፊልሙን ይጣሉት። «ታላቅ ዓይን አይቸኩልም» የሚለውን ግን እባክዎ ራስዎ መጥተው ለከበቡሽ ያስረዱልኝ፤ እኔ ፊቷን ማየት አቅቶኛል።