የግንዱ ጫማ

ወንድሜ ግንዱ፣

እንዴት ነህ? ካረፍኩበት ቤት ጀርባ የራግቢ ሜዳ አለ። ትናንት ካፊያ እየመታኝ ጨዋታ አየሁ። ፊተኞቹ ትከሻ ለትከሻ ተቆላልፈው ሲገፋፉ ጭቃው ከእግራቸው ስር እንደ ሊጥ ይቦካል፤ የክንፉ ልጅ ዳር ቆሞ እጁን ያሟሙቃል። «እኛ እንገፋለን፣ እሱ ፎቶ ይነሳል» እያልክ አንተ ፊተኛው በእኔ በክንፉ የምታሾፈው ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ። ኳሷ ስትደርሰው ግን ሜዳውን ሙሉ በርሮ ኳሷን እንዳቀፈ መስመሩ ላይ ተዘረረና ነጥቡን አስቆጠረ፤ ፊተኞቹ እየተራመዱ ደረሱ። ይህቺን ያዝልኝ።

ሲያልቅ አንድ ያንተን የሚያህል ፊተኛ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ከጫማው ማሰሪያ ጋር ይታገላል። ጣቶቹ የሰው ማልያ ጨምድደው ውለው አልታዘዝ ብለውታል። የፊተኛን ጫማ ክንፍ ይፈታል የሚለው የቡድናችን ደንብ እዚህ አልደረሰም። አላስችል አለኝና ሄጄ ተንበረከክሁ።

«ኧረ ተው አባባ» አለኝ አፍሮ።

«እኔ ክንፍ ነበርኩ» አልኩት። ገባው መሰለኝ፣ ሁለተኛውንም እግሩን ዘረጋልኝ።

ልነሳ ስል ጉልበቴ እምቢ አለ፤ ብብቴን ይዞ ያነሳኝ እሱው ነው። ክንፍ አይደክምም ስትል የኖርክ ሰውዬ፣ ጉልበቴን ምስክር ቆጥሬብሃለሁ።

የፖስታ ካርዱ ላይ መጻፊያ ቦታ አለቀብኝ። የልጆችህን እናት ሳምልኝ። ወገብህ አልታጠፍ ብሎህ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ልትገዛ መሆኑን ልጅህ በስልክ ነገረችኝ። አትግዛ፤ መምጣቴ ነው።

ማልያው የማይቆሽሸው ክንፍህ