መንገዳችን ስለተከፈተልን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣
የኬላው ተሽከርካሪ መጨናነቅ አስወጋጅ ጊዜያዊ ኮሚቴ፣
ናዝሬት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እንደምን ሰነበቱ? የተከበሩት ባለቤትዎስ? በወዳጅ አገር ትምህርት ላይ የሚገኘው ልጅዎስ ብርዱን ቻለው? ጤና ያለ ወረፋና ያለ ፍተሻ ከቤትዎ ይግባ፤ ከገባም በኋላ አይውጣ። እኛ በቀበሌያችን እንደ ወትሮው ደህና ነን። ደህና ያልሆነውም ቢሆን በስብሰባ ላይ ደህና ነኝ ብሏል።

እኔ ገሠሠ እባላለሁ። በአሰብ መስመር ተሳቢ ስነዳ ኖሬ ወገቤ እምቢ ሲለኝ ከቤቴ የተቀመጥኩ የከተማዋ ነዋሪ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ላደርስልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ያለው ወረፋ ከድሮው የኬላ ወረፋ ስለሚበልጥ፣ እርስዎም ጠዋትና ማታ በዚህ በኩል ስለሚያልፉ፣ ኬላው አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብለጥፈው ይቀላል ብዬ ለጠፍኩት። እንዲህ ያለ ነገር ስምህን ጽፈህ ስትለጥፍ አትፈራም ወይ ያሉኝ ጎረቤቶች አሉ። ድሮ በጣም እፈራ ነበር። የሚፈራ ሰው ግን የሚሳሳለት ነገር ያለው ሰው ነው፤ እኔ የምሳሳለትን ሰጥቼ ጨርሻለሁ።

የመጣሁት ለምስጋና ነው፤ ምስጋናዬንም ለኮሚቴዎ አሠራር ይመች ዘንድ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ያንን አሳፋሪ መጨናነቅ ስላስወገዱልን አመሰግናለሁ። ለማያውቀው ሰው ለማስረዳት ያህል፣ ከሞጆ በኩል ሲመጣ የከተማችን መግቢያ ላይ በገመድ የተዘጋው ኬላ ፊት፣ ተሳቢው፣ አውቶቡሱ፣ ከዝዋይ ሽንኩርት የጫነው አይሱዙ፣ ጋሪውና አህያው ተደራርቦ የወረፋው ጭራ የት እንዳለ አይታይም ነበር። ቲማቲም እዚያው ይበሰብሳል። አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ጣራ ላይ በቅርጫት ተጭና የነበረች ዶሮ ወረፋ ላይ እንዳለች እንቁላል ስትጥል አይቻለሁ፤ ፈታሹም እንቁላሉ ከየት እንደተጫነ ጠይቋል። ሾፌር ሳለሁ ያንን ኬላ ያልረገምኩበት ጉዞ የለኝም። እንግዲህ እርግማኔ ከዓመታት በኋላ ሰምሮልኛል።

ሁለተኛ፤ ችግራችን ተሰምቷችሁ በአስቸኳይ ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። ቲማቲሙ ለስንት ዘመን ሲበሰብስ፣ ምጥ የያዛት ሴት በጋሪ ላይ ስትገላገል ያልተቋቋመው ኮሚቴ፣ ከበላይ የመጡ አንድ እንግዳ ወረፋው መሀል ገብተው ምሳ ባለፋቸው ማግስት ተቋቁሟል። ወዲያውም የቀበሌያችን ሕዝብ ተጠራ። ከባድ መኪናዎችና ወታደር የጫኑ መኪናዎች ከተማ ውስጥ ሳይገቡ፣ ኬላውም ጋ ሳይቆሙ፣ በከተማችን ጀርባ በሽንኩርቱ እርሻ ዳር ዞሮ ወለንጪቲ መንገድ ላይ በሚወጣው አዲስ ጥርጊያ እንዲያልፉ የሚለው ሐሳብ ተነበበልን። የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ። ሁላችንም አወጣን፤ እጅ ማውጣት የምናውቀው ሥራ ነው።

ባለቤቴ ወርቅውሃም አውጥታለች። እንዲያውም ከፊት ካወጡት አንዷ እርሷ ነበረች። የአቦምሳ ልጅ ናት፤ ስብሰባ አትወድም። የዚያን ቀን ደግሞ የለወሰችውን ጭኮ በነጠላዋ ሥር ይዛ ነበርና፣ ነገሩ ቶሎ አልቆ ወደ ኬላው ለመሄድ ፈልጋ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለውን ተረት በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ሲፈጸም በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጭኮ ወደ ኬላ የሚወሰደው ለምንድን ነው ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ጥናታችሁ ውስጥ ስላልገባ ልግለጽልዎ። ከደቡብ ማሠልጠኛ ወደ ሰሜን ግንባር ልጆቻችንን ጭነው የሚሄዱት መኪናዎች በከተማችን ሲያልፉ እንደማንም ይቆሙ ነበር። ቅድሚያ አላቸው፤ ነገር ግን ቅድሚያ ያለውም መኪና ተሳቢ ላይ አይወጣም። ቢያንስ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ይቆማሉ። ይህን ከሁሉ ቀድመው ያወቁት እናቶች ናቸው። ኬላው አጠገብ ካለው ግራር ሥር ጭኮ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዘው ይቀመጣሉ፤ መኪና ሲቆም ይነሡና ፊታቸው ያገኙትን ልጅ ያጎርሳሉ። የማን ልጅ ነህ ብሎ መጠየቅ በእነርሱ ዘንድ ነውር ነበር። የኔንም በሌላ መንገድ ላይ ሌላዋ ታጎርስልኛለች የሚል፣ ማንም ያልፈረመበት ማንም ግን ያላፈረሰው ውል ነበራቸው። የሻሸመኔዋ እናት የኛን፣ የኛዎቹ የእርሷን። ጎረቤታችን ዘውድነሽ የልጇ ወሬ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፤ እንደ እርሷ ሳይቀር የሚመጣ ግን አልነበረም። ፈታሾቹ እንኳ ሳይቀሩ ጎርሰዋል፤ እነርሱም የእናት ልጆች ናቸውና አልተነፈጉም።

ሦስተኛ፤ የእናት አገር ጥሪን በተመለከተ ነው። ልጃችን ሰብስቤ ለጥሪው ምላሽ የሰጠው ከኳስ ሜዳ ሲመለስ፣ ሁለት የቀበሌ ጠባቂዎች ግራና ቀኝ ክንዱን ይዘው እያገዙት ነበር። እናቱ ከዚያ በፊትም የሰው ልጅ ስታጎርስ የኖረች ሴት ናት፤ ከዚያ በኋላ ግን ግራሩ ሥር ቤቷን ሠራች ማለት ይቻላል። ባለፈው ግንቦት ከሻሸመኔ የመጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ የድሮ ባልደረባዬ፣ ሰብስቤና ጓዶቹ ሥልጠናቸውን ጨርሰው በዚያው ሰሞን እንደሚነሡ ሹክ አለን። ወርቅውሃ ገብሱን እንደገና ቆላች፤ ቅቤውን ከአቦምሳ ከእኅቷ አስመጣች። ያ ቅቤ በየኬላው ሲያልፍ ምን እንዳየ ሌላ ደብዳቤ ይጠይቃል። ጭኮውን ለውሳ በእንጨት ቆሪ አድርጋ፣ ጎህ ሳይቀድ ትወጣ ጀመር።

የኮሚቴዎ ውሳኔ ሥራ ላይ የዋለበት ጠዋትም መጣ።

እናቶቹ ግራሩ ሥር ሲደርሱ መንገዱ ባዶ ነበር። ተሳቢ የለ፤ ወታደር የጫነ የለ፤ ገመዱ መሬት ላይ ተኝቷል። ጓድ ሊቀመንበር፣ እነዚህ ሴቶች በስብሰባ ላይ እጅ ያወጡበትን ነገር ሲያወጡም አልሰሙትም ነበር፤ እንደ ወርቅውሃ ልባቸው ኬላው ጋ ነበር። ስለዚህ ያዩትን በራሳቸው ልክ ተረጎሙት። ዘውድነሽ ወደ አስፋልቱ መሀል ገባች፤ ግራና ቀኝ አየች፤ ልጆቻችንን የሚጭን መኪና ከሌለ ታርቀዋል ማለት ነው አለች። ከዚያም እልል አለች። ሁሉም ተቀበሏት። ተረኛው ፈታሽ ልጅ እግር ነበር፤ እውነቱን እያወቀ ወደ ጎጆው ገብቶ በሩን ዘጋ ብለውኛል።

ወርቅውሃ እየሮጠች መጥታ ጦርነቱ ቆመ አለችኝ። እኔ መሪ ጨብጬ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ መንገድ ባዶ የሚሆነው ወይ ድልድይ ሲሰበር ወይ ሌላ መንገድ ሲከፈት መሆኑን አውቃለሁ። ግን አመንኳት። ማመን ፈልጌ ነበር። ያ ሁሉ ጭኮ ከእንግዲህ ስንቅ መሆኑ ቀረ ብላ የሰፈሩን ልጆች ጠርታ አንድ በአንድ አጎረሰቻቸው፤ ቆሪውንም ለትንሾቹ ጠርገው እንዲበሉ ሰጠቻቸው። የዚያን ቀን ያህል ስትስቅ ያየኋት በሠርጋችን ጊዜ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁንዴ መጣ። ሁንዴ ከእርሻው ሽንኩርት በጋሪ የሚያመላልስ፣ ባለቤቴንም እንደ እናቱ የሚያከብር ሰው ነው። ፈረሱን ሳይፈታ በራችን ላይ ቆሞ አቧራውን ከፊቱ ይጠርግ ጀመር፤ አቧራው ካለቀ በኋላም ይጠርግ ነበር። በአዲሱ ጥርጊያ ወታደር የጫኑ መኪናዎች ሳይቆሙ ተከታትለው ሲያልፉ ፈረሱን ወደ ዳር አውጥቶ እንደነበር፣ ከመኪናዎቹ በአንዱ ጭራ ላይ የተቀመጠ ልጅ በአቧራው ማንነቱን ሳይለይ የጋሪ ሰው ሲያይ ብድግ ማለቱን ነገረን። ልጁ የተናገረውን እንዳለ እጽፈዋለሁ፤

«እናቴ ኬላው ላይ ናት፤ ወርቅውሃ ትባላለች። በዚህ በኩል ሄደ በሏት።»

ሁንዴ ጋሪውን አዙሮ ተከትሎ ነበር። የጋሪ ፈረስ ግን ኮሚቴዎ ያቃናውን መንገድ አይችለውም። ኦቦ ገሠሠ፣ እንደ ድሮው ቢቆም ኖሮ በእግሬ ሮጬም ቢሆን አዴ ወርቅውሃን አደርስለት ነበር ብሎ፣ ጎልማሳ ሰው ሆኖ እፊታችን አለቀሰ። ወርቅውሃ አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤

«በልቷል?»



አራተኛ፤ ቁጥሩን የቀጠልኩት ለመጨረስ ያህል ነው። ባለፈው መስከረም የዘውድነሽ የእኅት ልጅ ኑሬ በምርኩዝ ተመልሷል። ከሰብስቤ ጋር በአንድ መኪና የተጫነ ልጅ ነው። ሰብስቤ ሞጆ ሲደርሱ በኮዳው ውኃ ፊቱን እንደታጠበ፣ እናቱ ስትፈልገው እንዳትቸገር ብሎ ከጓደኛው ጋር ቦታ ተለዋውጦ ከመኪናው ጭራ ላይ እንደተቀመጠ፣ ለመኪናው ልጆች ሁሉ ዛሬ ጭኮ ትበላላችሁ ብሎ ቃል ገብቶላቸው እንደነበር አጫወተን። መኪናው ወደ ጥርጊያው ሲታጠፍም ነዳጅ ሊቀዳ ነው፤ ይመለሳል ብሎ ነበር አሉ። ኑሬ ከዚያ በኋላ ስለሆነውም ነግሮናል። እርሱን ግን የመንገድ ጉዳይ ስላልሆነ ለኮሚቴዎ አላቀርብም። ድንኳን ጥለን ለቅሷችንን ተቀምጠናል፤ ያ በቂ ነው።

እንግዲህ ጓድ ሊቀመንበር፣ መንገዱ አሁን እንደሚያዩት ጽዱ ነው። እንግዶች ምሳ አያልፋቸውም። ተሳቢዎቹ በከተማው ጀርባ፣ ወለንጪቲ መውጫ ላይ እንደ ድሮው ተደራርበው ቲማቲማቸው እየበሰበሰ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ከዚህ ስለማይታይ መጨናነቅ አይባልም። ይህን ብልኃት ሾፌር ሳለሁ ባለማወቄ አዝናለሁ።

ከምስጋናዬ ጋር አንዲት ትንሽ ልመና አለችኝ። መጨናነቁ ቢመለስልን። ሁልጊዜ አልልም፤ ልጆች ጭነው በሚያልፉበት ቀን ብቻ። ለዚህም በጀት አያስፈልግም። አንድ ተሳቢ መንገድ ላይ አጋድሜ አቁሜ ሞተሩ እምቢ አለኝ ማለት የለመድኩት ሥራ ነው፤ ወገቤን ታግሼ ያለ ክፍያ አገለግላለሁ። አንዲት እናት አንዴ እስክታጎርስ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ መኪናውን አስነሥቼ ራሴ ወደ ቀበሌው እሄዳለሁ፤ አጅቦ የሚወስደኝ ሰው መላክም አያስፈልግም።

ለጤናዎ፣ ለሥልጣንዎና ለማይጨናነቀው መንገድዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በሚቸኩሉበት ቀን መሀል መንገድ ላይ አስቁሞ ስምዎን የሚጠራ ወዳጅ እንዳያጡ በመጸለይ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ገሠሠ
የቀድሞ የአሰብ መስመር ሾፌር፣ የሰብስቤ አባት
ናዝሬት፣ ጥቅምት ፲፱፻፹፫ ዓ.ም.

የተረሳ፤ ልጅዎ ትምህርቱን ፈጽሞ ሲመለስ በየትኛው መንገድ እንደሚገባ አስቀድመው ቢያሳውቁን ደስ ይለናል። ወርቅውሃ አሁንም ጭኮ ትለውሳለች፤ ባዶው መንገድ ዳር ግራሩ ሥር ትቀመጣለች። አይሥጉ፤ የማን ልጅ ነህ ብላ አትጠይቀውም። ታጎርሰዋለች።