ያልተነገረኝን «ተነግሮኛል» ብዬ እንድፈርም ለጋበዙኝ

ለክቡር የሆስፒታላችን ሜዲካል ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባልደረቦችዎና መላው ቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤንነት በተመለከተ ግን መረጃው ያለው በእርስዎ እጅ ስለሆነ፣ እንደ ደንቡ «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ለመጻፍ ድፍረት አጣሁ።

ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከአምስት ሳምንት በፊት ሆዴን ቢያመኝ ወደ እናንተ መጣሁ። ደም ይስጡ ስባል ሰጠሁ፣ ትንፋሽ ይያዙ ስባል ያዝኩ፣ በጉሮሮዬ ቱቦ ወርዶ ከውስጤ ናሙና ሲቆረጥም ዝም አልኩ። ለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም ነገርን በተራ ቁጥር የማስቀመጥ የሥራ ልማዴ ስላልለቀቀኝ፣ ጥቃቅን ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ውጤቱ የደረሰ ዕለት ሐኪሙ አስገቡኝ፤ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩና ቀና ብለው «አባባ፣ ሰው ይዘው መጥተዋል?» አሉኝ። እኔም እንደ ሰው እንደምቆጠር ለማስረዳት ጊዜ አላገኘሁም። ኮሪደር ላይ የነበረችውን ልጄን አስገብተው እኔን በታላቅ ትሕትና አስወጡኝ። አግዳሚው ወንበር ላይ ሃያ ሁለት ደቂቃ ተቀመጥኩ። ልጄ ዓይኗ ቀልቶ ወጣችና «አባዬ፣ ትንሽ የጨጓራ ነገር ነው አሉ» አለችኝ። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ውሸት ላስተምራት ያልቻልኩትን ልጅ፣ እናንተ በሃያ ሁለት ደቂቃ ስላሠለጠናችኋት የመምህርነት አድናቆቴን እገልጻለሁ።

2. ከዚያ ቀን ወዲህ የውጤቴ ስርጭት እጅግ ቀልጣፋ ሆኗል። በአጥር ድንበር ምክንያት አሥራ አንድ ዓመት የተኳረፍነው ጎረቤቴ በገዛ እግሩ መጥቶ «አጥሩ እዚያው ይሁን፣ ምን ያደርግልናል» አለኝ። እህቴ በቀን ሁለት ጊዜ እየመጣች የበላሁትን በዝርዝር ትጠይቀኛለች። ሩቅ አገር የሚሠራው ወንድ ልጄ ያለ ዓመት በዓል መጣና፣ የተኛሁ መስሎት ፎቶ ሲያነሳኝ ያዝኩት። እኔም ከጠያቂዎቼ ዓይን ውጤቴን ለማስላት ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን ጎረቤቴ ጉበቴን፣ እህቴ ጉሮሮዬን፣ ወንድ ልጄ ደግሞ ወለሉን ስለሚያዩ ስሌቱ አልገጥም አለኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ የእኔስ አጥሩ እንኳ ተከብሮልኛል።

3. «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እየተባልኩ ስላደግሁ፣ የሐኪሞቻችሁን ጥያቄ ሁሉ ሳልደብቅ መለስኩ፤ የሰገራዬን ቀለም እንኳ በስድስት ተማሪ ሐኪሞች ፊት ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ደባቂው ሐኪሙ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ግን አባቶች ሳይነግሩን አልፈዋል።

4. ባለፈው ሐሙስ ለቀዶ ሕክምና ተጠራሁ። ነርሷ የስምምነት ወረቀት አቀረበችልኝ። እኔ ያልተነበበ ወረቀት አልፈርምምና መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ሦስተኛው መስመር፣ «የምርመራ ውጤቴ በሚገባኝ ቋንቋ ተነግሮኝ፣ ያሉኝ አማራጮች ተብራርተውልኝ፣ ወድጄና ፈቅጄ ተስማምቻለሁ» ይላል። ይህ ቆንጆ ዓረፍተ ነገር የማን እንደሆነ ጠየቅሁ። «ኧረ አባባ፣ ሁሉም ዝም ብሎ ነው የሚፈርመው፤ እዚህ ጋ ብቻ» አለችኝ፣ ጣቷን የፊርማው ቦታ ላይ አድርጋ። ልጅቷን አልቀየምኩም፤ ከኋላዬ አሥራ አራት ሰው ተሰልፎባታል። ግን ብዕሬን ከድኜ ወደ ኪሴ መለስኩት።

ክቡር ሆይ፣ ዝምታችሁ ከርኅራኄ እንደሆነ ተነግሮኛል፤ ሽማግሌው ይደነግጣል ብላችሁ ነው። ሁለት ወንድሞቼንና አንድ ልጄን በእጄ የቀበርኩ ሰው ስለሆንኩ መደንገጥን በመጠኑ ተለማምጃለሁ። ያልተለማመድኩት ቁጥሩ ሳይሰጥ ማስላትን ነው። ባለቤቴ ዓይኗ ከደከመ ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ በቀን አራት ጊዜ፣ ሁለት ዓይነት ጠብታ፣ በመካከላቸው አሥር ደቂቃ ጠብቄ የማደርግላት እኔ ነኝ። ያለኝ ጊዜ ወር ከሆነ ዛሬውኑ ሌላ ሰው ማሠልጠን አለብኝ፤ ዓመት ከሆነ ቀስ ብዬ እሷኑ አለማምዳለሁ። ቢላዋችሁ ጊዜ የሚጨምርልኝ ከሆነ እተኛለሁ፤ ሁለት ወር አልጋ ላይ አውሎኝ ያው ከሆነ ግን እነዚያን ሁለት ወራት እሷ አጠገብ ማሳለፍ እመርጣለሁ። ይህን ምርጫ ከእኔ በቀር የሚመርጥልኝ የለም፤ እኔ ደግሞ ከምንና ከምን እንደምመርጥ አላውቅም።

ልጄን አስጨንቄ ላወጣጣት እችል ነበር። አላደረግሁትም። ሸክሙን የጫናችሁባት እናንተ ናችሁ፤ አውራጆቹም እናንተው እንድትሆኑ እፈልጋለሁ። ስለዚህ በመጪው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሳልይዝ፣ ብቻዬን ከቢሮዎ በር ላይ እገኛለሁ። የበሽታውን ስም፣ የደረሰበትን ደረጃና ያለኝን ጊዜ በግምትም ቢሆን ይንገሩኝ። ወንበር ቢሰጡኝ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፤ ባይሰጡኝም ቆሜ መስማት እችላለሁ።

የካርድ ቁጥሩን በቃሉ የሚያውቀው፣ ስለ ሕመሙ ግን ከጎረቤቱ ያነሰ የሚያውቀው፣ የዘወትር አክባሪዎና ታዛዥ ሕመምተኛዎ፣
ጡረተኛው የሒሳብ መምህር

ማስታወሻ፦ ሐሙስ ዕለት ስወጣ ነርሷ ማህደሬን ጠረጴዛው ላይ ክፍት ትታው ስለነበር በዚያ ቀን ሥር የተጻፈውን ብቸኛ መስመር አነበብኩ፤ «ሕመምተኛው ምክንያታቸውን ሳይገልጹ ሕክምና አልቀበልም ብለዋል» ይላል። በሆስፒታላችሁ ስለ ራሴ ያወቅሁት የመጀመሪያው ግኝት ይህ ስለሆነ ምስጋናዬ ይድረስዎ። እሱም ስሕተት ነው።