የገደፈችው ሞተር

ለምወድህ ወንድሜ ለጋሻዬ፣
መተከል፣ ፓዊ።

ይህ ወረቀት በደህና ደርሶ በደህና እንዲያገኝህ እየለመንኩ እጽፍልሃለሁ። ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? ገላህ እንዴት ነው? ያ የቆላ ወባ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ሰሞን እየጠበቀ ይመላለስብሃል? የሺሃረግ እንዴት ናት? ልጆቹስ ሙቀቱን ለመዱት? ውሃው ተስማማቸው? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። አለን ስልህ እንግዲህ ታውቀዋለህ፣ እንነሳለን፣ እንሠራለን፣ እንተኛለን ማለት ነው። እናታችን ዐይኗ ደከም ብሏል፣ ምላሷ ግን ምንም አልሆነም። ዘንድሮ ዝናቡ አላሳፈረንም፣ ገብሱም ጎተራ ገብቷል። ከናፍቆትህ በቀር ጉድለት የለብንም ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚጽፈው። እኔ ግን ደክሞኛል፣ ምን ልዋሽህ።

በጥምቀት ሰሞን የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። ለእናታችን አነበብኩላት፣ ድገሚልኝ አለች፣ ደገምኩላት። አንድ ነገር ግን ሳልነግርህ አላልፍም። መጀመሪያ “ሞተሬ እንዴት ናት?” ብለህ ከጻፍክ በኋላ ነው “አንቺስ እንዴት ነሽ?” ያልከው። እናታችን ልብ አላለችውም፣ እኔ ግን አይቼዋለሁ። ይሁን። እኔም በጠየቅኸው ተራ እመልስልሃለሁ።

የወፍጮ ሞተርህ ታማ ነበር። ከገና ወዲህ ጉልበቷ እያነሰ ሄደ። ትንሽ ገብስ ሲበዛባት ታቃስታለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ናፍጣው ቆሽሾ ይሆናል ብዬ በአሮጌ ነጠላ አጠለልኩት፤ ለውጥ የለም። ከዚያ ያ አባባልህ ትዝ አለኝ፤ ይህችን ሞተር የምትጠጣው ሳይሆን የምትተነፍሰው ነው የሚገድላት ትል ነበር። ጆሮዬን አስጠግቼ ባዳምጥ፣ ከአየር ማጣሪያው ወደ ውስጥ በሚገባው ቱቦ በኩል የሚያፏጭ ነገር አለ። በየትኛው መጋጠሚያ እንደሆነ ግን በጆሮ አይለይም። የእኔ ሙያ ደግሞ ፈትል ነው። ከባዘቶዬ ቀጭን ክር መዝዤ በመጋጠሚያው ዙሪያ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። ከላይ ዝም አለ፣ ከጎን ዝም አለ፣ ከታች ስደርስ ክሩን ከእጄ ነጥቃኝ ብረቱ ላይ ልጥፍ አለ። ሁለተኛውም መጋጠሚያ እንደዚያው ነው። በብረቱና በብረቱ መካከል የምታስገባው ወረቀት፣ ያ ጓርኒሲዮን የምትለው፣ በሁለቱም በኩል ደርቆ ተፈረካክሷል። ማጣሪያው ከላይ እንደ ዘበኛ ተጎልቶ ሳለ፣ ሞተርህ በጓሮ በር የወፍጮውን ብናኝና የግቢውን አቧራ ስትምግ ነው የከረመችው።

ጠጋኝ ልጥራ እንዳልል ጠጋኙ አንተ ነበርክ። ወደ ወልድያ በሚወርድ ሾፌር ብልክም መለዋወጫው የለም ብሎኝ ተመለሰ። እኔ ወዲያ ወዲህ ስል የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ከበላዩ ያለው ሲጮህበት እሱ ወደ እኛ ይጮሃል እንጂ። ባለቤቱ ሰፈራ የሄደ ሞተር ቆሞ ከዋለ ማኅበሩ ተረክቦ ወደ ሌላ ቀበሌ ይወስደዋል፣ የሚሠራ ከሆነ ግን ማንም አይነካውም አለኝ። እስከ ፋሲካ ቀን ሰጠኝ።

መሬትህ ለሌላ ሰው መደልደሉን ባለፈው ጽፌልሃለሁ። ቤትህንም ክረምቱ አፍርሶታል። በሰባ ሰባት የሚፈጭ እህል ሲጠፋ ባለ ወፍጮውም እንደሌላው ሰው ጦሙን አደረ፣ አንተም ልጆችህን ይዘህ ለሰፈራ ተመዘገብክ። ስትሄድ ሞተሬን አደራ ነው ያልከኝ። እንግዲህ በዚህ አገር የጋሻዬ የሚባል የቀረ ነገር ቢኖር እሷ ብቻ ናት። እሷም ከተወሰደች፣ እመጣለሁ ብትል ወደ ምን ትመጣለህ? አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይላሉ፤ እኔ በሰው አንድ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

ቁልፎችህን ከሳጥኑ አውጥቼ ብሎኖቹን ፈታሁ። ዝገው ስለነበር የእጄ ቆዳ አብሮ ተፈታ። አሮጌውን ወረቀት በቢላ ፍቄ አነሳሁ። የሚተካው ወፍራም ነገር ግን ከየት ይምጣ? የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ መሪጌታ ወርቅአገኘሁ ዘንድ ሄድኩ። ለዳዊት ብራና ሲያበጁ የሚተርፋቸውን ቁራጭ የፍየል ቆዳ ለመንኳቸው። ለምን እንደሆነ ስነግራቸው ሳቁ፣ ግን ፊደል ያረፈበት እንዳይሆን ቁራጩን እያገላበጡ በደንብ ካዩ በኋላ ነው የሰጡኝ። ብረቱን ጥላሸት ቀብቼ ብራናውን ጫንኩበት፤ ቅርጹ ታተመ። በዚያው ልክ ቆረጥኩ፣ የብሎኑን ቀዳዳ በወስፌ በሳሁ። ጥሩ አድርጌ ነበር የሠራሁት፣ ብታየው ትመሰክርልኝ ነበር።

ስህተቴ ከዚህ በኋላ ነው። ብራናው ደረቅ ሆኖ አልተኛ አለኝ። አንተ በዚህ ጊዜ ግራሶ ትቀባ ነበር። ግራሶ የለኝም፤ ከገና በግ የተረፈ ሞራ ግን በገል ተቀምጧል። ብራናውን በእሱ አሸሁት፤ ለዘዘና ልክክ ብሎ ተኛ።

ሞተሯ ስትነሳ ክሬን ይዤ ዞርኩ፣ ክሩ ንቅንቅ አላለም። ድምፅዋም ተመለሰ። ያን ጊዜ ኩራቴን አትጠይቀኝ። ሴቶቹ ስልቻቸውን ደርድረው ተራ ይዘዋል፣ እኔም ዱቄት እያራገፍኩ እንደ አንተ እየጮህኩ አዝዛለሁ። የመጀመሪያው ስልቻ ሳያልቅ ብረቱ ጋለ። ሞራው ቀለጠና ከሥሩ ባለው የጭስ ማውጫ ላይ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ምን እንደሸተተ ታውቃለህ? ጥብስ። በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ሥጋ ስሙ እንኳ በማይነሳበት ሰሞን፣ ወፍጮ ቤታችን ሰርግ ቤት ሆኖ አረፈው።

ሴቶቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። ቀጥሎ ሁሉም እኔን አዩ። እማማ ገለቴ፣ ከአሸተን ማርያም ሥር ድረስ ገብሳቸውን አዝለው የመጡት ባልቴት፣ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው፣ ምን እንዳስገባሁባት ጠየቁኝ። የፍየል ቆዳና የበግ ሞራ አልኳቸው፤ ምን ብዬ ልደብቅ። ሞተሯ ገደፈች አሉና ስልቻቸውን አንስተው ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ጎረቤታችን ኸዲጃ ብቻ ቀረች። እሷን እንኳ የእኛ ጾም አይመለከታትም ብዬ በልቤ ተጽናናሁ። እሷ ግን ጠጋ ብላ፣ በጉን ያረደው ማን ነው አለችኝ። የገና በጋችን መሆኑን ስነግራት፣ “ወላሂ እኔስ ላንቺ ብዬ ዝም ባልኩ አልጣሽ፣ ልጆቼን ምን ብዬ ላብላቸው” ብላ፣ እያዘነችልኝ ሄደች። ክርስቲያኑንም እስላሙንም በአንድ ቀን ያባረረ ወፍጮ በወሎ ምድር ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

መሪጌታ ዘንድ ተመልሼ ጠየቅኳቸው። ጢስ ጾም አያስገድፍም፣ ዱቄቱም ንጹሕ ነው አሉ። እሳቸው ቢሉስ ምን ዋጋ አለው፣ እህል የሚያስፈጩት እሳቸው አይደሉ። ጉልበት ያላቸው ሴቶች ኩልመስክ ድረስ የቀን መንገድ ተሸክመው ሄዱ፣ የሌላቸው ወደ ድንጋይ ወፍጮ ተመለሱ። ያች እናትህ ራሷ በዚያ ዱቄት የተጋገረ አልቀምስም ብላ ቆሎ እየቆረጠመች ዋለች። ብራናውም በሙቀቱ ተኮማትሮ ኖሮ ክሬን እንደገና ሳበው። ሊቀ መንበሩ በደጅ ሲያልፍ የቆመውን ወፍጮ አየና መንገዱን ቀጠለ። ያን ቀን ገብስ ማስቀመጫው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በአንተም ተናደድኩ። ሰው አደራ ሲሰጥ የሚችለውን ሰው ይመርጣል አልኩ።

ሲወጣልኝ ግን ማሰብ ጀመርኩ። ለብቻዬ አጥቤ፣ ለብቻዬ ጠግኜ፣ አሁን ንጹሕ ነው ብል ማን ያምነኛል? ስለዚህ ኸዲጃንም እማማ ገለቴንም ለምኜ አመጣኋቸው። ኑ፣ ዐይናችሁ እያየ ልሥራው፣ የምትሉኝን አደርጋለሁ አልኳቸው። በፊታቸው ፈታኋት። ብራናውን አውጥቼ በእሳት አቃጠልኩት። ብረቱን በፈላ ውሃና በእንዶድ አጠብኩ፤ እማማ ገለቴ ድገሚው አሉ፣ ደገምኩት፤ አሽትተው አሁንም አለ አሉ፣ ሠለስኩት። ኸዲጃ ከቤቷ የእርዳታ ዘይት የመጣበትን ወፍራም ካርቶን ይዛ መጣች። ካርቶን ማንም አላረደውም አለችኝ። የሚቀባው ምን ይሁን ስንባባል፣ እማማ ገለቴ ተልባ አይሆንም ወይ አሉ። ተልባውን ወቅጠን ዘፈዘፍነው፤ ሲዝለገለግ ካርቶኑን ግራና ቀኝ ለቀለቅነውና በቦታው አስገባነው። ብሎኖቹን አንተ እንደምታደርገው ጥቂት ከዚህ፣ ጥቂት ከዚያ እያፈራረቅሁ አጠበቅሁ። ተልባው እስኪደርቅም አሳደርናት።

በማግስቱ የኸዲጃ ባል አባስ መጥቶ ማዞሪያውን አዞረልኝ። ትንሽ አሰልችታ ተነሳች። ክሩን ራሳቸው እማማ ገለቴ ይዘው ዞሩ፤ አልነቃነቀውም። ብረቱ ሲግል ሁላችንም አፍንጫችንን ቀስረን ጠበቅን። የተቆላ ተልባ ሸተተ። ይህስ የጾም ነው ብለው ስልቻቸውን የመጀመሪያ አድርገው አስቀመጡ። ይኸው እስካሁን እየሠራች ነው። ካርቶን መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢያረጅ ሌላ እቆርጣለሁ።

ሊቀ መንበሩ ድምፅዋን ሰምቶ መጣ። ቃሉን አላጠፈም፣ አትነካም አለ። ነገር ግን ባለቤት የሌለው ንብረት ላይ ዘላለም ይጠይቁኛልና የወንድምሽን ነገር ቁርጡን ንገሪኝ አለኝ። የምትመጣ ከሆነ ያንተ ሆና ትቆያለች። የማትመጣ ከሆነ በማኅበሩ ስም ትሆናለች፣ እኔም ደመወዝተኛ ሆኜ እሠራለሁ፤ ስትበላሽ ጠጋኝ የሚያመጣው ማኅበሩ ይሆናል። እስከ መስከረም ይጠብቃል።

እውነቱን ልንገርህ ጋሻዬ፤ ማኅበሩ ቢረከባት ለእኔ እረፍት ነው። እጄ ናፍጣ ለምዶ ፈትል እያቆሸሸብኝ ነው። ሳል ይዞኛል። ስትቆም እደነግጣለሁ፣ ስትነሳ እስክትቆም እፈራለሁ። ግን ሽሽት እንዳይመስልብኝ ያንተን ቃል ሳልሰማ አልሰጥም። እዚያ የተሰጣችሁ መሬት ጥቁር ነው፣ ልጆቹም ትምህርት ገብተዋል ብለኸኛል። መውጫ ፈቃድ ማግኘትም ቀላል እንዳልሆነ እሰማለሁ። እዚያው እኖራለሁ ብትል አልቀየምህም፣ ልቤ ግን ያዝናል። ለሊቀ መንበሩ እኔ እነግረዋለሁ፣ እሱን እችላለሁ።

የማልችለው እናታችንን ነው። ሞተሯ ያን ቀን ስትነሳ ከቤት ሆና ሰማች። ነጠላዋን ለብሳ፣ ግድግዳውን እየዳሰሰች ደጅ ድረስ ወጣች። ያስነሳት አባስ ነው ብላት፣ አወቅሁት አለችኝ። አሁንም በተነሳች ቁጥር እንዲያው ናት። አለመሆንህን ታውቃለች፤ አንድ ቀን እሱ ቢሆንና ተኝቼ ቢያገኘኝስ ትለኛለች። ስለዚህ የምትመጣ ከሆነ ለእኔ ጻፍልኝ። የማትመጣ ከሆነ ግን በእኔ በኩል አትላክ፣ ለእሷ በስሟ ጻፍላት። የሚያነብላት ሰው እጠራለሁ እንጂ እኔ አላነብላትም።

የሺሃረግን ሳምልኝ፤ ተልባ ቆላ ይበቅል እንደሆነ ጠይቅልኝ፣ ለሳል ጥሩ ነው። ዓለምእሸትንና ታናናሾቹን አንድ በአንድ ጉንጫቸውን ሳምልኝ፣ አክስታችሁ ረዝማችሁ ታያችሁ ዘንድ ትጓጓለች በላቸው። መሪጌታ ወርቅአገኘሁ በጸሎት አስብሃለሁ ብለውሃል። ኸዲጃና አባስ፣ እማማ ገለቴም ሰላም ብለውሃል። እናታችን ፈትለወርቅ ጤና ይስጥልኝ በይው፣ ወባውን በነጭ ሽንኩርት ይያዘው ብላለች። ሌላም ብላ ነበር፤ እሱን ለመጻፍ ወረቀቱ አልበቃኝም።

እህትህ አልጣሽ
ላስታ፣ ላሊበላ
መጋቢት 28 ቀን 1979 ዓ.ም.