ለማንኮራፋት ነው

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12። ጧት፣ አውቶቡስ ፌርማታ፣ ሃፍላ እየጠበቅሁ።

ዛሬም ፊቴ ላይ አለ። ካፍንጫዬ ግራና ቀኝ ሁለት ቀይ መስመር፣ ጉንጬ ላይ የማሰሪያው ምልክት። በቀዝቃዛ ውሃ አሸሁት። ወይ ፍንክች! ጠርሃዬን ከራሴ ወደ ፊቴ ስቤ ወጣሁ። አጠገቤ የቆመች ሴትዮ ሰርቃ ታየኛለች። ባሏ ደብድቧት ነው ብላ ይሆናል። ትበል። ከእውነቱ እሱ ይሻለኛል።

ላንተ ምን እደብቅሃለሁ ደብተር። አንኮራፋለሁ። እንደ ወንድ፤ ኧረ ወንድም እንዲህ አያንኮራፋ። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ተኝቼ ትንፋሼ ቀጥ ይላል። ከዚያ የታነቀ ሰው ሆኜ እባንናለሁ። የአሠሪዬ የመዳም አባት፣ አላህ ይማራቸውና፣ ይሄው ነበረባቸው። መዳም አንድ ቀን ወጥ ቤት ግድግዳ ተደግፌ ሳንኮራፋ ደረሰችብኝ። ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ፤ የሟቹንም ማሽን ሰጠችኝ። ትንሽ ሳጥን፣ ረጅም ቱቦ፣ አፍንጫ ላይ የሚገጠም ላስቲክ። ላስቲኩ ብቻ አዲስ ነው። አየር ይነፋል፤ በቃ። አይተላለፍም።

ክፍላችን ጀሪፍ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ሦስት ነን። ራህማ ታላቃችን፣ ቤቱን በስሟ የተከራየችው። ዘይነብ፣ ከአጠገቤ የምትተኛው፣ ሃያ ዓመቷ፣ ከወሎ ወደዚህ አረብ አገር ከመጣች አምስት ወሯ። እኔ፣ አርባ ሦስት። ማሽኑ ሳይመጣ በፊት እነዚህ ሁለቱ ቀልደውብኝ አይጠግቡም ነበር። "ሪክሻዋ ተነሳች!" ይላሉ፣ ባጃጅ ማለታቸው ነው፣ ያሽካካሉ። አብሬ እስቃለሁ፤ ውስጤ ይቃጠላል። ማሽኑ የመጣ ዕለት ሲጠይቁኝ፣ ሐኪሙ ደረትሽን ታመሻል ብሎኛል አልኳቸው። ሳቁ እዚያው ቆመ። ራህማ ማር ገዝታልኝ መጣች። ውሸት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ወላሂ ጣፈጠኝ።

ሃፍላው መጣ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14። ከዐስር ሶላት በኋላ።

ሌሊት መብራት ሄዶ ማሽኑ ቆመ። ታፍኜ ነቃሁ። ቀኑን ሙሉ ራሴ ድንጋይ ነው።

ደስ የሚል ወሬ ግን አለ። ነገ አንዲት መዳም ዘ.ን፣ ዘይነብን፣ ልታይ ትመጣለች። የሚኖሩበት ሥራ ነው፤ ሁለት ልጅ፣ ትልቅ ግቢ። ዘ. እስካሁን ተተኪ፣ እዚህ በዲላ የሚሉት፣ ሆና ብቻ ነው የሠራችው፤ ማለት አንዳችን ስንታመም በኛ ቦታ ትገባለች። የራሷ ሥራ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። እናቷን ስልክ ደውላ ዱዓ አስይዛለች። ቀሚሴን አበደርኳት።

እዚህ ሰፈር ደላላ አያስፈልገንም። መዳሞቹ የሚጠይቁት ራህማን ነው። መጥተው ክፍሉን ያያሉ፣ ሆሹን፣ ግቢውን፣ ያያሉ፣ ሰፈሩን ያያሉ። ራህማ ንጹህ ነች ካለች ንጹህ ነች። አንዷ ካበላሸች ግን ስሙ የሁላችን ነው። ራህማ ይህን ስም ለመሥራት አስራ ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል፤ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቀው።

ጁምዓ፣ ጥቅምት 15። ማታ።

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ።

ላስቲኩና ቱቦው በየሳምንቱ መታጠብ አለባቸው። ሁልጊዜ የማደርቀው ከአንገሬቤ፣ ካልጋዬ፣ ስር ነው፣ ሰው የማያይበት። ዛሬ ክፍሉ ለእንግዳ ተወልውሏል፣ አልጋ ሁሉ ተነስቷል። ሆሹ ውስጥ ገመድ ላይ ሰቀልኩት፣ ፎጣ ጣል አደረግሁበት። ሴትዮዋ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው የምትመጣው፣ እስከዚያ ይደርቃል ብዬ። ቀድማ መጣች። ነፋሱም ፎጣውን ወስዶ ኖሯል።

ሰላምታ እንኳን ሳትጨርስ ዓይኗ ገመዱ ላይ ቀረ። ደ ሹኑ? ይሄ ምንድነው? አለች። ቱቦው ከቀሚሶቹ መሃል ተንጠልጥሎ ውሃ ያንጠባጥባል። ደረቱን የታመመ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ራህማ ወደ እኔ ዞረች። ዘ. ዞረች። ሁለቱ የጎረቤት ሴቶች፣ በር ላይ የቆመው ሹፌሯ፣ ሁሉም። ማለት የነበረብኝ አንድ ነገር ነው። ለማንኮራፋት ነው። ሦስት ሰከንድ አይፈጅም።

አላልኩም። ያ ሹፌር ሲስቅ ታየኝ። ጎረቤቶቹ ሱቅ ድረስ ይዘውት ሲሄዱ ታየኝ።

ራህማ መዋሸት አትችልም፣ ያውም በጁምዓ። እህታችን ደረቷን ትታከማለች አለች። ማን ነገራት? እኔው ነኝ የነገርኳት! ሴትዮዋ የተጎናጸፈችውን ቶብ ጫፍ አንስታ አፍንጫዋን ሸፈነች። ጁሱን አልነካችውም። ኢንሻአላህ እንደዋወላለን ብላ ሄደች። እዚህ አገር እንዲህ ተብሎ ተደውሎ አያውቅም።

ዘ. ጸጉሯን ተቀብታ፣ በኔ ቀሚስ፣ የእንግዳ ብርጭቆ ይዛ ቆማ ቀረች። ክፉ ቃል ብትናገረኝ ይቀለኝ ነበር። ቀሚሱን አውልቃ አጥፋ መለሰችልኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16።

ወሬው አንድ ቀን አልፈጀበትም። ሌላ መዳም ለራህማ ደውላ አንቺ ጋ ያሉት ልጆች ጤና ናቸው ወይ ብላለች። ራህማ አልጮኸችብኝም። ቁጭ ብላ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ማሽኑ ከዚህ ቤት ይውጣ አለች። ካልሆነም ማዮ ሰፈር ርካሽ ክፍል እንዳለ ሰምታለች፤ ታማሚ አባረረች እንዳይሏት እስክሸጋገር ታግዘኛለች። አነጋገሯ ጨዋ ነው። ጨዋነቷ ነው የወጋኝ።

አይ፣ ማሽኑን እተወዋለሁ አልኳት። ተሽሎኛል አልኩ። አሁንም ውሸት! ካርቶን ውስጥ ከትቼ፣ በስኮች አሽጌ፣ ከአንገሬቡ ስር ወደ ጥግ ገፋሁት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20። ከቀኑ 10 ሰዓት። ሥራ ቤት።

ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ያለ ማሽን አራት ቀን። ሃፍላ ላይ ሁለት ጊዜ መውረጃዬ አልፎኛል። እየሰገድኩ ሱጁድ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ዛሬ ወተት ጣድኩ። ቆሜ ነበር፣ ወላሂ በእግሬ ቆሜ። ቀጥሎ የማውቀው ጥፊ ነው። ሀቦባ፣ የመዳም እናት፣ በምርኩዝ የሚሄዱት አሮጊት፣ ጉንጬን በጥፊ ሲያነቁኝ። ወተቱ ገንፍሎ እሳቱን አጥፍቶታል። ጋዙ ይነፋል። ወጥ ቤቱ በጋዝ ሽታ ተሞልቷል። ሀቦባ ክብሪት በእጃቸው ነበር፤ ለባኹራቸው፣ ለዕጣናቸው፣ ሊጭሩ ነው የመጡት።

ቤቱ ከነልጆቹ ይነድ ነበር። በኔ።

ሀቦባ መስኮቱን ሁሉ አስከፈቱኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ የባሌ ማሽን የታለ? ካርቶን ውስጥ ደብቄዋለሁ አልኩ። እሳቸውም ባላቸው መጀመሪያ እንግዳ ሲመጣ ቁምሳጥን ውስጥ ይደብቁት እንደነበር ነገሩኝ። ወንዱም ያፍራል ለካ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21። ከመግሪብ በኋላ።

ደብተር፣ ቀስ ብዬ ልጻፍልህ።

ወደ ቤት ስገባ ራህማ ዘ.ን ትቆጣታለች። ልጅቱ ልብስ እያጠበች ሳፋው ላይ ተደፍታ አንቀላፍታ አገኘቻት። ይሄ ስንተኛሽ ነው፣ ቀን ቀን የምታንቀላፊ ልጅ ለማን ልስጥሽ፣ ትላለች። ዘ. ታለቅሳለች። እኔን ስታይ ብሶባት ዱብ አደረገችው። "እቴ ሐሊማ ትንፋሿ ሲቆም ማን ይቀስቅሳት? እኔ እግሯን ካልነቀነቅሁ ትሞታለች!"

አምስት ሌሊት አልተኛችም። እጇን ሆዴ ላይ አድርጋ፣ ከፍ ዝቅ ማለቱን እየጠበቀች። ሲቆም እግሬን ትነቀንቃለች፤ እተነፍሳለሁ፤ እንደገና ትጠብቃለች። እንጀራዋን የዘጋሁባት ልጅ። ደረቴን የታመምኩ መስሏት፣ ይተላለፍብኛል ብላ ሳትፈራ።

ቁጭ አልኩ። ከዚያ ሁሉንም አወጣሁት። ደረቴ ደህና መሆኑን፣ ሐኪሙ ያለው ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደዋሸሁ። በሪክሻው ምክንያት ነው አልኩ። ሳቃችሁን ሽሽት ነው። ዘ. አፏን ይዛ ቀረች። ራህማ ግን የባሰውን ተናገረች። ለሳቅ ብለሽ የልጅ ጉሮሮ ዘጋሽ? አለችኝ።

ለዚያች ሴትዮ ራህማ ልትደውልላት ነበር። አይሆንም አልኩ። በስልክ ማን ያምናል? ቅዳሜ ጧት ራሴ እሄዳለሁ፣ ከነማሽኑ፣ ከዘ. ጋር። ታምን አታምን አላህ ያውቃል። ቢያንስ ከኔ አፍ ትስማው።

ካርቶኑን ከፈትኩ። ስኮቹ እምቢ ሲለኝ ዘ. በጥርሷ ቀደደችልኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23። ጧት 2 ሰዓት።

ሁለት ሌሊት በማሽኑ ተኛሁ። ዘ. ደግሞ የሞተች ያህል ተኛች፤ ለሱብሂ ጎትቼ ነው ያነሳኋት።

ልቤ ግን አልተኛም። ሴትዮዋ በሯን ላትከፍት ትችላለች። ብትከፍትም ሥራው ለሌላ ተሰጥቶ ይሆናል። ተሳካም አልተሳካ፣ እስከ ማታ ጀሪፍ ሙሉ ያውቀዋል። ሱቁ፣ ሪክሻዎቹ፣ ያ ሹፌር። ስሜ ሐሊማ መሆኑ ቀረ። እስክሞት "ሸኺር" ነኝ፣ ማንኮራፋት። ይሄን ስጽፍ እንኳን ፊቴ ይግላል።

አረብኛውን ሆሹ ውስጥ ብቻዬን ስለማመድ ነበር። አና በሸኽር። አንኮራፋለሁ። መጀመሪያ ላይ ድምፄ አልወጣም። ስደግመው ራህማ ከውስጥ ሰማችኝ፤ ጮክ በይ፣ ያቺ ሴትዮ ጆሮዋ ከባድ ነው አለች።

መስመሮቹ ፊቴ ላይ አሉ። ዛሬ ውሃ አላስነካኋቸውም። ማሽኑን ልጠቀልልበት ጠርሃ አንስቼ ነበር፣ መልሼ አንገሬቡ ላይ ጣልኩት። እንዲሁ ታቅፌው እሄዳለሁ፣ ቱቦው እንደተንጠለጠለ።

ዘ. በር ላይ ሪክሻ አስቁማለች። ሪክሻ! ሌላ ነገር አጥታ። ያላ እቴ፣ ያላ ትለኛለች። እየሳቀች ነው፣ እኔም ሳቅሁ። ልሂድ።