ነርስ ናት በይ ያልኳት እኔ ነኝ

ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? በደረስሽበት ሁሉ ሰው ይውደድሽ፣ ብርዱም ይራቅሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽን ጉልበቱን ትንሽ ተሽሎታል፤ ሐኪም ቤት ሂድ ስለው ግን ዛሬም ይኮሳተርብኛል።

እህትሽ የነፃ ትምህርት ዕድሉን አላገኘችም። ጥፋቱ የእኔ ነው። እንደ እኛ አቅም ያነሳቸውን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ማመልከቻ የምታስሞላ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለች። «ስለ ቤተሰብሽ ጻፊ» ብትላት፣ እህትሽ «እናቴ ሆስፒታል አንሶላ ታጥባለች» ብላ ጻፈች። ማታ ስታነብልኝ አፈርኩ፣ ልጄ። «ነርስ ናት በይ፤ ያው አንድ ግቢ አይደል የምንሠራው?» ብዬ አስለወጥኳት። ከሆስፒታሉ ያመጣሁት የሥራ ማስረጃ ግን «የልብስ ንጽሕና ሠራተኛ» ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩ ውሸት ነው ብለው ጣሉባት።

ተማሪዋ ስትሰማ አልተቆጣችኝም። «የእኔም እናት የመሥሪያ ቤት ደረጃ ነው የምትጠርገው፤ እሱኑ ጽፌ ነው የገባሁት» አለችኝ። ምነው በተቆጣችኝ! እህትሽም የበላችበትን ሳህን አጥባ ተኛች።

አሁን ለከርሞ እንደገና እየጻፉ ነው። እኔ እነሱ እስኪጨርሱ ደጅ እቀመጣለሁ።

አንቺም ያኔ ስታመለክቺ እንዲህ ጽፈሽ ነበር፤ ስለ እኔ ምን እንዳልሽ ጠይቄሽ አላውቅም። ካስቀመጥሽው እባክሽ ላኪልኝ። አጣቢ ብለሽኝ ከሆነ ለእህትሽ አነብላታለሁ። ነርስ ብለሽኝ ከሆነም አይዞሽ፤ ማፈርን ከማን እንደተማርሽ አውቃለሁ።

ያሰብሽው ሁሉ ይሙላልሽ፣ ልጄ።

እናትሽ፣ አንሶላ አጣቢዋ